ባዶ ባጅ ስንት ያነባል? ስለ ዶዚሜትር የመለየት ወሰን የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው ይህ ነው፦ "የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ለሆስፒታሎችና ለክሊኒኮች የቲኤልዲ ባጅ (ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የጨረር መለኪያ፣ ዶዚሜትር) በሚያነብ ላብራቶሪ ነው። ባጆቹ በየ2 ወሩ ይቀየራሉ። አንድ ደንበኛ 'ለአንዱ ሠራተኛችን 0.02፣ ለሌላዋ 0.00 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ጽፋችኋል፤ ልዩነቱ እውነት ነው ወይ?' ብሎ ጠየቀንና መልስ አጣን። ከዚያ እኔ ባጁ ውስጥ ከሚገባው ቺፕ 10 አኒል አድርጌ (የያዙት እንዲጠፋ በምድጃ አሙቄ) ወዲያው አነበብኩ። አማካዩ 0.011፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (የንባቦቹ መበታተን) 0.005 ሆነ። በ3 ሳባዛው 0.015 መጣ። አለቃዬ 'በቃ፣ የመለየት ወሰናችን፣ በእርግጠኝነት የምናየው ትንሹ መጠን፣ 0.015 ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ይግባ' ይላል። የአምራቹ ብሮሸርም 0.01 ነው የሚለው። ልክ ነን? ከወሰኑ በታች የሆነውንስ ምን ብለን እንጻፍ? ዜሮ?"

ልክ አይደላችሁም። 0.015ን ሪፖርት ላይ አታስገቡት። የሒሳብ ስህተት የለብሽም፣ ማባዛቱ ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ የለካሽው ነገርና ደንበኛው የጠየቀሽ ነገር አይገናኙም። አንቺ የለካሽው የሪደሩን፣ የማንበቢያ ማሽኑን፣ ጸጥታ ነው። ገና ከምድጃ የወጣ፣ ምንም ያላየ ቺፕ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚያጉረመርም ነው ያገኘሽው። ደንበኛው የጠየቀሽ ግን ሠራተኛው ደረት ላይ 60 ቀን ስለተንጠለጠለ፣ በመኪና ሄዶ በመኪና ስለመጣ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሰነበተ ባጅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። ታች በቁጥር እንደማሳይሽ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል።

መጀመሪያ ሪደሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን በቅርበት እንየው። ቺፑ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነጭ የሊቲየም ፍሎራይድ ቁራጭ ነው፣ ጎኑ 3.2 ሚሊሜትር። ጨረር ሲያገኘው ከኃይሉ ጥቂቱን ውስጡ ያስቀምጣል። ወደ 300 ዲግሪ ስታሞቂው ያስቀመጠውን በብርሃን መልክ ይለቃል፤ ፎቶመልቲፕላየሩ (ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ቱቦ) ያንን ብርሃን ይሰበስብና በናኖኩሎምብ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ፣ ቁጥር ይሰጥሻል። ግን ቱቦው ጨለማ ውስጥም ሆኖ ትንሽ ጅረት አለው። የጋለው ሰሃን ራሱ ያበራል። ቺፑ ላይ የቀረ የጣት ቅባት ወይም አቧራ ሲቃጠል ያበራል። ሪደሩ ውስጥ የሚነፋው ናይትሮጅን ከቀነሰ ደግሞ ከጨረር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ብርሃን ይመጣል። ያንቺ 0.011 የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሪደሩ ጤነኛ መሆኑን ለማየት መዝግቢው። የመለየት ወሰን ግን ከእሱ አይወጣም።

ብሮሸሩም የሚነግርሽ ይህንኑ ነው። አምራቹ አዲስ ቺፕ፣ ንጹሕ ሪደር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን ወስዶ የሠራው ነው። ዋሽቷል ማለት አይደለም። የእናንተን ላብራቶሪ ግን አያውቀውም። የመለየት ወሰን የቺፑ ንብረት ሳይሆን የጠቅላላው አሠራር ንብረት ነው፤ ቺፑ፣ መያዣው፣ ምድጃው፣ ሪደሩ፣ የሚለበስበት ጊዜ፣ የምትቀንሱት የተፈጥሮ ጨረር፣ የምታነበው ልጅ እጅ ሁሉም አሉበት። አንዱ ሲቀየር ወሰኑ አብሮ ይቀየራል።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ የተፈጥሮ ጨረሩ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባጁ የኤክስሬይ ማሽንን ጨረር ከሰማይና ከመሬት ከሚመጣው ለይቶ አያውቅም። ሁሉንም ያጠራቅማል። በኋላ እኛ ነን በግምት የምንቀንሰው። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በባሕር ጠለል ላይ ከቤት ውጭ በዓመት 0.3 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲሆን፣ በ2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ግን 0.82 ይደርሳል። አዲስ አበባ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። ከዚህ ውስጥ የኒውትሮኑን ድርሻ የተለመደው ባጅ በአግባቡ አያነበውም፤ የቀረውን ግን ያነባል። ከመሬትና ከግድግዳ የሚመጣው ጋማ ጨረር ደግሞ በዓለም አማካይ በዓመት ወደ 0.5 ሚሊሲቨርት ነው። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ባጅ እንኳ እዚህ ከተማ በ2 ወር ውስጥ 0.15 ወይም 0.2 ቢያነብ አይግረምሽ። አንቺ የምትፈልጊው የሠራተኛው 0.02 ተራራ የሚያህል 0.18 ላይ የተቀመጠ ጠጠር ነው። ጠጠሯን ለማየት የተራራውን ከፍታ ምን ያህል አስተካክለሽ ታውቂያለሽ? ጥያቄው በሙሉ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን አንድ ስም ሰጥቶ ስለሚያስባቸው ነው። መርካቶ መሐል ቆመሽ እንበል። ጫጫታው ውስጥ አንድ ድምፅ ስምሽን የጠራ ይመስልሻል። ምን ያህል ሲጮህ ነው የምትዞሪው? በትንሹም በትልቁም የምትዞሪ ከሆነ ማንም ሳይጠራሽ ቀኑን ሙሉ ስትዞሪ ትውያለሽ። ስለዚህ መስመር ታበጂያለሽ፦ "ከዚህ በላይ ከሰማሁ እዞራለሁ።" ይህ የውሳኔ መስመር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከጠሪው በኩል ነው፦ እርግጠኛ ሆኖ እንድትዞሪ ለማድረግ ምን ያህል መጮህ አለበት? ልክ በመስመሩ ልክ ቢጮህ ጫጫታው አንዴ ይረዳዋል፣ አንዴ ይውጠዋል፤ ግማሹን ጊዜ አትሰሚውም። ከመስመሩ በደንብ ከፍ ማለት አለበት። ያ ከፍታ የመለየት ወሰን ነው።

ሁለቱን በግልጽ የለያቸው ሎይድ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1968። የውሳኔ መስመር የሌለውን "አለ" እንዳንል ይጠብቀናል። የመለየት ወሰን ያለውን "የለም" እንዳንል ይጠብቀናል። በሁለቱም በኩል የተለመደው የስህተት መጠን 5 በመቶ ነው። ያንቺ "በ3 ማባዛት" ሁለቱንም በአንድ ድፍን ቁጥር ይሸፍናቸዋል፣ ከየትኛው ስህተት እየተጠበቅሽ እንደሆነም አይነግርሽም። በነገራችን ላይ የከሪን ታዋቂ ቀመር፣ 2.71 ሲደመር 4.65 በጀርባ ቆጠራው ካሬ ሥር የሚለውን፣ ለቲኤልዲ ገልብጠው የሚጠቀሙ አሉ። አይሆንም። ያ ቀመር አንድ ሁለት እያሉ ለሚቆጥሩ መሣሪያዎች የተሠራ ነው። የአንቺ ናኖኩሎምብ ቆጠራ አይደለም፣ ካሬ ሥሩን ማውጣት ምንም ትርጉም አይሰጥም። መበታተኑን በሙከራ ነው የምታገኚው።

እንግዲህ በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፣ ያንቺን ራስሽ ታገኚያለሽ። ሥራ ላይ ካሉት 20 ባጆች ወሰድሽ፣ አኒል አደረግሽ፣ ከተፈጥሮው በቀር ሌላ ጨረር በሌለበት ቦታ 2 ወር አስቀመጥሽና አነበብሽ። አማካዩ 0.18፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 0.016 ሆነ እንበል። አየሽ፣ ከ0.005 ወደ 0.016 ዘለለ። ለ20 ንባብ፣ በአንድ ወገን በ95 በመቶ፣ ከስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ የሚወሰደው የስቱደንት ቲ ቁጥር 1.729 ነው። የምትቀንሺው የ4 ኮንትሮል ባጆችን (ማንም የማይለብሳቸው፣ የተፈጥሮ ጨረሩን ብቻ እንዲለኩ የሚቀመጡ) አማካይ ከሆነ ያ አማካይ የራሱ ጥርጣሬ አለው፤ ስለዚህ የ1 ሲደመር ሩብ ካሬ ሥር፣ ማለትም 1.118፣ ታባዥበታለሽ። 1.729 በ0.016 በ1.118፣ ውጤቱ 0.031 ሚሊሲቨርት። ይህ የውሳኔ መስመርሽ ነው።

የመለየት ወሰኑ በግርድፉ የዚህ ሁለት እጥፍ ነው፣ 0.062። ትንሽ የሚጨመር አለ። ቺፖቹ ሁሉም እኩል ስሜት የላቸውም፣ ካሊብሬሽኑም (ሪደሩን በታወቀ መጠን ማስተካከሉ) ፍጹም አይደለም፤ ይህ ስህተት በመቶኛ ስለሚሄድ ዶዙ፣ ማለትም የጨረር መጠኑ፣ ሲጨምር አብሮ ያድጋል። 10 ባጆችን ጋማ ጨረር በሚሰጥ የሲዚየም-137 ምንጭ አንድ የታወቀ ዶዝ፣ 5 ሚሊሲቨርት እንበል፣ ስጪያቸውና መበታተናቸውን እዪ። 7 በመቶ ቢሆን፣ ለ10 ንባብ የቲው ቁጥር 1.833 ነው፣ የሁለቱ ብዜት ካሬ 0.0165። ይህን በ0.18 አባዢና ከ0.031 ጋር ደምሪው፣ በ2 አባዢው፣ ከዚያ ለ1 ሲቀነስ 0.0165 አካፍዪው። 0.069 ይመጣል። 0.07 በዪው። ኮንትሮል ባጁ አንድ ብቻ ከሆነ ይኸው ስሌት 0.086 ይሰጥሻል። ሦስት ተጨማሪ ኮንትሮል ባጅ መላክ ይህን ያህል ይገዛልሻል፤ ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ እኔ አላውቅም።

አለቃሽ ያለው 0.015 ቢጻፍ ምን ይከተላል? ምንም ያላገኛቸው ሠራተኞች ንባብ፣ ከተቀነሰ በኋላ፣ በዜሮ ዙሪያ በ0.018 ገደማ ይበተናል። ስለዚህ ከ5 ሰው 1 ያህሉ ምንም ሳያገኘው ከ0.015 በላይ ይወጣል። 200 ባጅ ብታነቡ በየ2 ወሩ 40 ሰው "ጨረር አግኝቶታል" ተብሎ ይጻፍበታል። እነዚህ ሰዎች ወረቀቱን ይዘው ቤታቸው የሚሄዱ ናቸው። አንዷ ራዲዮግራፈር ለባሏ ታሳየዋለች፣ ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ። ከክፍል ኃላፊው ጋር "ለምን ወደ ውስጥ ገባሽ" የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ይህ ሁሉ ከሪደር ጫጫታና ከግድግዳ ጋማ በመጣ አንድ ቁጥር ምክንያት። ትክክለኛው 0.031 ላይም ቢሆን 5 በመቶው ስህተት ይቀራል፣ ከ200 ውስጥ 10 ሰው። ያ የምርጫችን ዋጋ ነው፣ ግን መጠኑን እናውቀዋለን። በአንድ ዙር 10 ሳይሆን 30 ቢወጣ ደግሞ ወይ ሪደሩ ታሟል ወይ ኮንትሮሉ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ያኔ ቆም ብሎ መፈተሽ ነው።

ኮንትሮሉ ከተነሳ የማልረሳውን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሠራተኞቹ ውጤት ከዙር ዙር ከዜሮ በታች እየሆነ ይመጣል። አንዱ −0.06፣ አንዷ −0.09። መጀመሪያ ካሊብሬሽኑን ጠረጠርን፣ ከዚያ ቺፖቹን። በመጨረሻ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ኮንትሮል ባጁ የኤክስሬይ ክፍሉ በር አጠገብ፣ ሠራተኞቹ ጋውን በሚሰቅሉበት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በሩ ጠርዙ ላይ ጨረር የሚያግደው የእርሳስ ንጣፍ የተላጠ አሮጌ በር ነው። ባጁ ቀኑን ሙሉ የተበተነ ጨረር ሲጠጣ ይውላል፣ እኛ ያንን ሁሉ "የተፈጥሮ ጨረር" ብለን ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ እንቀንሳለን። ማንም ክፉ አላሰበም፤ "ባጆቹ አንድ ላይ ይቀመጡ" ተብሎ የተነገራቸውን ነው ያደረጉት። ግን ለወራት የሰዎቹን እውነተኛ ዶዝ እየደመሰስን ነበር። ስለዚህ ከዜሮ በታች የሆነ ውጤት ሲመጣ አትደብቂው። ትንሽ አሉታዊ ቁጥር ጤናማ ነው፤ እንዲያውም ምንም ካላገኙት ሰዎች ግማሾቹ ከዜሮ በታች መሆን አለባቸው። ከ−0.03 በታች እየደጋገመ ሲመጣ ግን ኮንትሮሉ የት እንደተሰቀለ ሄደሽ እዪ።

ሁለተኛው የኮንትሮል ጣጣ ከፍታ ነው፣ እንደ እኛ ሀገር ባለ ወጣ ገባ መሬት ላይ ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ላብራቶሪ የራሱን የመደርደሪያ ባጅ አንብቦ ያንን ለሁሉም ደንበኛ ይቀንሳል። ደንበኛው ሰመራ ከሆነ? ደብረ ብርሃን ከሆነ? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ የኢኳዶሯ ኪቶ ከፍታ። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች። በሁለቱ መካከል ባጅ ሊያነበው የሚችለው የጠፈር ጨረር ልዩነት ብቻ፣ የአፈሩን ሳንቆጥር፣ በ2 ወር ወደ 0.05 ሚሊሲቨርት ሊጠጋ ይችላል። ከውሳኔ መስመርሽ ይበልጣል ማለት ነው። የአዲስ አበባን ቁጥር ሰመራ ላይ ብትቀንሺ የዚያን ሠራተኛ እውነተኛ ዶዝ ትበያለሽ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ብትቀንሺ የሌለ ዶዝ ትፈጥሪያለሽ። የእያንዳንዱ ደንበኛ ኮንትሮል ከባጆቹ ጋር ሄዶ እዚያው ሰንብቶ አብሮ ይመለስ። በአውሮፕላን የሚላክ ከሆነማ የግድ ነው፤ በረራው በሰዓት ጥቂት ማይክሮሲቨርት ይጨምራል፣ የጭነት መፈተሻው ኤክስሬይም አለ። ኮንትሮሉ አብሮ ካልተጓዘ ያንን የምታወጪበት መንገድ የለሽም።

"ከወሰኑ በታች ምን እንጻፍ?" ላልሽው። ለሠራተኛው በሚሄደው ሪፖርት ላይ ከውሳኔ መስመሩ በታች ከሆነ "አልተለየም" ብላችሁ ጻፉ፣ አጠገቡ የመለየት ወሰኑን አስቀምጡ። ዜሮ አትጻፉ። ዜሮ ማለት "ምንም አላገኘህም" ማለት ነው፣ ያንን አታውቁም፤ የምታውቁት "ከ0.07 በላይ ብታገኝ ኖሮ በ95 በመቶ እናየው ነበር" የሚለውን ብቻ ነው። በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ግን ያልተቆራረጠውን ቁጥር፣ −0.012ም ይሁን +0.024፣ ከነምልክቱ አስቀምጡ። አሉታዊውን ሁሉ ወደ ዜሮ የሚቀይር ላብራቶሪ የዓመቱን አማካይ ሲያወጣ ሳያውቀው ወደ ላይ ይገፋዋል። ጫጫታው ወደ ላይም ወደ ታችም ነበር፣ የታችኛውን ቆርጦ የላይኛውን አስቀረ። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን አውጥቶ የሚያጠና ሰው ሲመጣ የሚያስፈልገው ያልተነካው ቁጥር ነው።

"0.07 አያሳፍርም ወይ?" የሚል ስጋት ያለበት አለቃሽ ይመስለኛል። በፍጹም አያሳፍርም። የሠራተኛ ዶዝ ገደብ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መመሪያ መዝገብ ላይ መስፈር ያለበትን ዝቅተኛ መጠን በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት ተነስቶ ነው የሚያሰላው፤ ለ2 ወር ሲከፈል 0.17። የእናንተ 0.07 ከዚያ ግማሽ በታች ነው። ሥራውን በደንብ ይሠራል። አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ፣ 6ቱንም ዙር፣ ወሰኑ ላይ ቆሞ ቢያመልጠን እንኳ ድምሩ 0.42 ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ 0.42 ቀላል አይደለም፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ላይ። ለፅንሱ የተቀመጠው መጠን እርግዝናው ከታወቀበት ጀምሮ እስከ ወሊድ ወደ 1 ሚሊሲቨርት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ባጇን በየወሩ እንቀይረው" የሚል ነው። ጥሩ ነው፣ ችግር ካለ ቶሎ ያሳውቃል። ግን ድምሩን አያሻሽልም። የአንድ ወር ወሰን 0.05 ቢሆን በ8 ወር 8 ጊዜ 0.05፣ 0.4 ነው፤ በ2 ወር ዙር ደግሞ 4 ጊዜ 0.07፣ 0.28። የባጁ ዙር ባጠረ ቁጥር ከወሰኑ በታች የሚሰወረው ድምር ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ባጅ ስጧት፣ አንዱ በየወሩ የሚነበብ፣ አንዱ በየ2 ወሩ። ኤሌክትሮኒክ ዶዚሜትር መጨመርም ይቻላል፣ ግን በመስኮቱ ላይ 0.001 ስለሚያሳይ 0.001 ይለያል ማለት አይደለም፤ በጣም በአጭር ምት በሚወጣ የኤክስሬይ ጨረር ላይም አሳንሰው የሚያነቡ አሉና ለዚያ ሥራ መፈተኑን አረጋግጡ። ባጁን አይተካም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። ወሰኑን ያሰላሽው በሲዚየም ነው፣ ደንበኞችሽ ግን የኤክስሬይ ሰዎች ናቸው። ሊቲየም ፍሎራይድ በ30 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ከሲዚየሙ በ30 ወይም 40 በመቶ ከፍ አድርጎ ያነባል። ወሰኑን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ አይጎዳም፤ ግን የትኛው ጨረር ላይ እንደተሰላ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። ሌላ፣ አንዴ ትልቅ ዶዝ ያገኘ ቺፕ አኒል ከተደረገ በኋላም ትርፍ ይዞ ይቀራል። ከ50 ሚሊሲቨርት በላይ ያየውን ቺፕ ለብቻው አስቀምጪና ንጹሕ ማንበቡን ሳታረጋግጪ ለሰው አትስጪው። የጣት ቀለበት ዶዚሜትር የራሱ ወሰን አለው፣ ከደረቱ ባጅ ከፍ ይላል። አያስጨንቅሽ፣ የእጅ ገደቡም በዓመት 500 ሚሊሲቨርት ነው።

ስለዚህ የምመክርሽ ይኸው ነው። አለቃሽን 2 ወር ጠይቂው። አዲስ ሳይሆን ሲያገለግሉ ከቆዩት ባጆች 20 ውሰጂ፣ ከአንድ ሳጥን ሳይሆን ከተለያየ። ከነመያዣቸው አሽጊያቸው። ግማሹ እናንተ ጋ ይቀመጥ፣ ግማሹ ሁለት ወይም ሦስት ደንበኞች ጋ፣ ከጨረር የራቀ ቢሮ ውስጥ፣ ሄዶ ይምጣ፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ኮንትሮል ይኑረው። ስታነቢ በአንድ ጠዋት አትጨርሺው። በተለያየ ቀን፣ ሌላም ሰው ያንብብ፣ ከደንበኛ ባጆች ጋር ቀላቅለሽ። የየቦታውን ኮንትሮል ከቀነስሽ በኋላ ያለውን መበታተን ይዘሽ ከላይ እንደሠራነው አስዪ። ከዚያ አንድ ነገር እንዳትዘልዪ፣ ብዙ ሰው ስለሚዘለው ነው፦ ሌላ 20 ባጅ ውሰጂና ያገኘሽውን የመለየት ወሰን ራሱን፣ 0.07 ከሆነ 0.07ን፣ ስጪያቸው። ሰንብተው ሲነበቡ ከ20ው 19 ያህሉ ከውሳኔ መስመሩ በላይ መውጣት አለባቸው። 3 ወይም ከዚያ በላይ ከወደቀ ወሰንሽን ከፍ አድርጊና እንደገና ሞክሪ። ሪፖርቱ ላይ ወደ ላይ አጠጋግታችሁ 0.10 ጻፉ። በየዓመቱ ድገሙት፣ ፎቶመልቲፕላየር ወይም ምድጃ ስትቀይሩ ደግሞ ዓመት ሳትጠብቁ።

እስከዚያው ለደንበኛው መልስ ስጡት። የ0.02 እና የ0.00 ልዩነት ትርጉም የለውም፤ ሁለቱም "አልተለየም" ናቸው፣ አንዱ ሠራተኛ ከሌላዋ የበለጠ ጨረር አግኝቷል ማለት አይቻልም። ይህን በዚሁ ቃል ጻፉለት። እስካሁን የወጡትን ሪፖርቶች መሰብሰብ አያስፈልጋችሁም። ከ0.10 በታች የተጻፉት ቁጥሮች እንዴት መነበብ እንዳለባቸው የሚገልጽ አንድ ገጽ ለሁሉም ደንበኛ ላኩ፣ አንዱን ቅጂ መዝገባችሁ ውስጥ አኑሩ። የኮንትሮል ባጃቸው የት እንደሚቀመጥም በዚያው ገጽ ጠይቋቸው።